በነፋስ ላይ የተንጠለጠለ ጀርባ

ጀርባችሁን አሟችሁ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያላችሁ ለምትከርሙ ሁሉ ይህን ልንገራችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እናቴም ብላለች፣ አሰልጣኜም ብለዋል፣ መድኃኒት ያዘዘልኝም ሰው ብሏል። ሁላችንም የተሳሳትነው በቅን ልብ ነበር። ዛሬ በእግሬ መሄዴን ሳስበው ግን፣ ይኸው ከስንት ዘመን በኋላም ይደንቀኛል።

አስካለ እባላለሁ፤ የአሰላ ልጅ ነኝ። አባቴ የእርሻ ትራክተር ጠጋኝ ነበር። በደርግ ዘመን፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ወደምትኖረው አክስቴ እሄድ ነበር። አክስቴ በሠራተኞች መዝናኛ ወጥ ቤት ትሠራለች። አሰላ ክረምት ላይ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ሰው ጋቢ ደርቦ ነው የሚወጣው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቆላው ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ሰማዩም እየሰፋ ይሄድና፣ ያ ሻይ በወተት የመሰለ ውሃ ድንገት ይዘረጋል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ውሃው ላይ ነጭ ነገር በአንድ ጎኑ ተጋድሞ ሲበር አየሁ።

«አክስቴ! ሰዎች እየሰመጡ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ይሰምጣሉ፣ እየተጫወቱ ነው እንጂ» አለችኝ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

ባለ ሸራ ጀልባ ነበር። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጡ ቀጫጭን ጀልባዎች ነበሩ፤ ወጣቱን እንዲያሠለጥኑ የተመደቡት ደግሞ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለው የወጡ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ሰው ናቸው። ጀልባዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ ከኋላ ተቀምጣ መሪውን ትይዛለች። ሌላዋ ከምሰሶው ጫፍ የሚወርድ ሽቦ ወገቧ ላይ ባለ ቀበቶ ታያይዝና፣ እግሯን ጠርዙ ላይ ተክላ ሰውነቷን በሙሉ ከውሃው በላይ ትዘረጋለች። ነፋሱ ሸራውን ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ በሌላው ወገን የሚመዝነው የእሷ ክብደት ነው።

ጋሽ ተክሌ ስዞርባቸው አይተው፣ «አንቺ ረጅሟ፣ ከፍታ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነው።

ሳቁና ሽቦው ላይ ሰቀሉኝ። መሪውን የያዘችው ሐዋ የምትባል የሐይቁ ዳር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከብት አርቢ ነው። አማርኛዋ ኦሮምኛ ጣል ጣል ይልበታል። ነፋሱ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ ሸራውን ሲሞላው ጀልባዋ ከውሃው ቀና አለች፤ እኔም በጀርባዬ ወደ ኋላ ተጋደምኩ። ከበላዬ ሰማይ ብቻ ነው፤ ከበታቼ ውሃው እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ይሰማኛል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣሁ። ሐዋ፣ «ይቺ ልጅ አበደች!» ብላ ለጋሽ ተክሌ ጮኸችላቸው።

ከዚያ በኋላ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ላንጋኖ ነኝ። ሐዋና እኔ ሳንነጋገር መግባባት ጀመርን፤ እሷ መሪውን ልታዞር ስታስብ እኔ እግሬን አነሳ ነበር። የሴቶች ሻምፒዮና ሲዘጋጅ ከቢሾፍቱም ከሌላም ሐይቅ የመጡትን ቡድኖች ቀድመን ገባን። ዋንጫውን የሰጡን የአውራጃው ሹም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጀልባችንን «ታንኳ» እያሉ እሷም ከሰፊው ሕዝብ ጋር ወደፊት እንደምትገሰግስ አብራሩ። ሐዋ በክርኗ ጎሰመችኝና ሳቃችንን በዋንጫው ከለልን። በሚቀጥለው ዓመትም አሸነፍን። አባቴ የዋንጫውን ፎቶ ጋራዡ ውስጥ ለጠፈው፤ እናቴ ግን «ሴት ልጅ በገመድ ተንጠልጥላ!» ማለቷን አልተወችም።

ሕመሙ የጀመረው ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ ነው። ትከሻና ትከሻዬ መካከል፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የጥርስ ሕመም የመሰለ ነገር ገባ። ሲመሽ ይበርደኛል፤ ጠዋት አንሶላዬ በላብ ርሶ ይገኛል። ምግብ ጠላሁ። ጋሽ ተክሌ «ሽቦው ነው፣ ጅማትሽ ተስቧል፤ እረፊ» ብለው ወደ አሰላ ላኩኝ። ማንም ሰው በእሳቸው ቦታ ቢሆን ያንኑ ይላል። ጀርባዋን እንደ እንጨት ዘርግታ ለምትውል ልጅ ሌላ ምን ይታሰባል?

አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩና «ሪህ ነው» ተባልኩ። ማስታገሻ ስውጥ ጥቂት ቀን ተሻለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ። ሌላ ከተማ ያለ ክሊኒክ ደግሞ «ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጪ» አለኝ። ጠጣሁ። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሸኝ፤ ያን ዕለት የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አንድም ሰው ልብሴን አስወልቆ አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች በጣቱ አልዳሰሰም። እናንተ ግን አስዳስሱ። ሕመሙ ከሳምንታት በላይ ሲቆይ፣ ሲመሽ ትኩሳት፣ ሲነጋ ላብ ሲኖር፣ ሰውነት ሲከሳ፣ «ጅማት ነው» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ።

እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ፈለገች፤ አባቴ ትልቅ ሆስፒታል ይሻላል አለ። በዚህ የተነሳ ቤታችን ከፋ። እናቴ አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች ነው፤

«ያ ሸራ ነው ልጄን የበላት። አንተ ነህ የፈቀድክላት!» አለችው።

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «እኔ ሳቋን አይቼ ነው የፈቀድኩት» ብሎ ወጣ። እኔ ተኝቼ ሁለቱንም እሰማለሁ። ጥፋተኛው ጀርባዬ ሆኖ ሳለ እነሱ ተጣሉ።

ጠበሉም አልቀረ፣ ተጠመቅሁ። ከዚያ ስንመለስ እናቴ ልብሴን ስትቀይርልኝ እጇ ድንገት ቆመ።

«አስኩዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

አከርካሪዬ መሐል ላይ አንድ አጥንት ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ወጥቷል። እናቴ ደጋግማ ዳሰሰችው። በማግስቱ ወደ ጓዳ ስሄድ ግራ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ፤ ሳነሳው አልነሳም አለና ወደቅሁ። አባቴ ከጋራዥ ተጠርቶ መጣ፤ በጓደኛው ላንድሮቨር ወንበሩን አጋድሞ አሰላ ሆስፒታል አደረሰኝ። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሄድ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። ጠበል ወይስ ሆስፒታል የሚለው ክርክር እዚያ መኪና ውስጥ አለቀ።

ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተጨናንቋል። ከበቆጂ፣ ከጎበሳ፣ ከዴራ በሰው ሸክም የመጣ ሕመምተኛ ሁሉ አለ። እኔ መቀመጥ ስላልቻልኩ መሬት ላይ በጋቢ አስተኙኝ። የማላውቃቸው አንዲት ሴት የራሳቸውን ነጠላ አጣጥፈው ከጭንቅላቴ ሥር አደረጉልኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ተራቸው ደርሶ ገቡ፣ ሲወጡም ነጠላውን አልወሰዱም።

ያየኝ ኩባዊ ሐኪም ነበር፤ ያኔ ኩባውያን ሐኪሞች በየቦታው ነበሩ። ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች። ጎበጥ ያለውን አጥንት ገና ሲነካው ፊቱ ተለወጠ። የእግሬን ጣት ይዞ፣ «ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?» አስባለ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ አላወቅሁም። ራጅ ተነሳሁ። ከዚያ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

የራሴን አከርካሪ ያየሁት ያን ቀን ነው። እስከዛሬ አልረሳውም። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ አጥንቶች እንደ ጥሩ ግንበኛ ሥራ ያምራሉ። መሐል ላይ ግን ሁለቱ ተበልተው፣ ፊት ለፊታቸው ፈርሶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደፍቷል። በዚያ አጥንት ላይ ነበር በነፋስ ተንጠልጥዬ ዋንጫ የወሰድኩት!

«ሳንባ ነቀርሳ ነው» አለች ሲስተር አልማዝ፣ «ግን ሳንባዋ ላይ አይደለም፣ አጥንቷ ላይ ነው የሰፈረው።»

አባቴ፣ «ልጄ እኮ ስላ አታውቅም!» አለ።

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። በሽታው በደም ሄዶ አጥንት ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ እንዲህ ሲሆን ሳል ላይኖር እንደሚችል አስረዳን። የፈረሰው አጥንትና ያበጠው ነገር ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ስለተጫነው ነው እግሬ የሰነፈው። ከየት እንደያዘኝ ግን በእርግጠኝነት የነገረኝ የለም። ከሚያስል ሰው ሊሆን ይችላል፤ ካልተፈላ ወተትም ይመጣል አሉ። በእኛ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ሳይፈላ ተጠጥቶ አያውቅም።

«እሄዳለሁ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ይህን ያለ አስተርጓሚ በእንግሊዝኛ ነበር።

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «አላውቅም» አለኝ። «መድኃኒቱ ጥሩ ነው። አንቺም ወጣት ነሽ። ብዙ ሰው ይነሳል። አንዳንዱ አይነሳም።» ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ሸራ፣ ሽቦ፣ ሐይቅ ስለው በመጀመሪያ አላመነኝም። ኋላ በጣም ሳቀ። ያደገው በአገሩ በኩባ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር፤ በዚህ ተራራ ላይ ስለ ነፋስ የሚያወራ ሕመምተኛ አገኛለሁ ብሎ አላሰበም።

ጣውላ ተነጥፎልኝ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ዕለት ዕለት መርፌ፣ በላዩ እንክብል። መዞር ክልክል ነው፤ ሲያዞሩኝም እንደ ግንድ፣ ሙሉ ሰውነቴን በአንድ ጊዜ። የእናቴ ቤት ሆስፒታሉ ግቢ ሆነ፤ ከአስታማሚዎች ጋር ውጭ ምድጃ ላይ አጥሚት ትሠራለች፤ አባቴ ከሥራ ሲወጣ ይተካታል። በግቢው ሲገናኙ ግን አብረው ቆመው ማውራት ጀመሩ። ቤት የፈረሰውን ሆስፒታሉ ግቢ ጠገኑት። ትልቁ ፍርሃቴ መብራት ሲጠፋ ይመጣ ነበር፤ እግሬን ከብርድ ልብሱ ሥር ፈልጌ አጣዋለሁ። የራስን እግር መፈለግ ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ወገባቸው የተሰበረ እማማ ዘነበች የሚባሉ የጎበሳ ሴት ተኝተው ነበር። ሐዋ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለ ሐይቁ ስታወራልኝ ይሰማሉ።

«ቆይ እስቲ» አሉ አንድ ቀን፤ «ውሃ ላይ ጨርቅ ሰቅላችሁ ነፋስ ይነዳችኋል?»

«አዎ እማማ» አለች ሐዋ።

«ነፋሱ ወደሚመጣበት መሄድ ብትፈልጉስ?»

«እንሄዳለን።»

«ነፋሱ እየገፋሽ ወደ ነፋሱ ትሄጃለሽ? ልጄ፣ እኔ ወገቤ ነው የተሰበረው፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው!»

የተኛነው ሁሉ ሳቅን። ሐዋም በእጇ ማስረዳት ጀመረች። ጀልባ ቀጥ ብሎ ወደ ነፋስ አይሄድም፤ ሰያፍ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሰያፍ ወደ ግራ፣ እንዲህ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ውሃው ላይ ጥቁር ጥላ ሲመጣ ነፋስ እየበረታ እንደሆነ፣ ጉንጭ ላይ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው እንደተለወጠ ነገረቻቸው። እኔ ሁሌ ሽቦ ላይ ስለነበርኩ ይህን በሙሉ ሳልማር ዓመታት አሳልፌያለሁ። ተኝቼ ተማርኩት። ሐዋ መምጣት በቻለች ጊዜ ሁሉ በፋሻ ገመድ ሠርታ አልጋዬ እግር ላይ ታስርና «ሳቢ!» ትለኛለች፤ ክንዴ እንዳይሞት ነው። ስትሄድ «ጀባዱ፣ በርቺ» ብላ ግንባሬን ትመታኛለች።

ሻምፒዮናው ሲደርስ ፊቷ ከበደ። ጋሽ ተክሌ ሌላ ልጅ ሽቦው ላይ አድርገውላት ነበር።

«አትሂጂ ካልሽኝ አልሄድም» አለችኝ።

የፋሻውን ገመድ ጎትቼ ለቀቅሁት። ከዚያ፣ «ሂጂ። ግን ስትመለሺ አንዳች ሳታስቀሪ ነው የምትነግሪኝ» አልኳት።

ሄደች፤ ሁለተኛ ወጡ። ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን የት ጋ እንደተበለጡ ገባኝ። የውድድሩ መዞሪያ ምልክቶች ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ በርሜሎች ናቸው። «ሁለተኛው በርሜል ጋ ቶሎ ዞራችሁ» አልኳት። ሐዋ እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። «ማን ነገረሽ?»

በዚያው ሰሞን ጆሮዬ ጭው ማለት ጀመረ። ጭንቅላቴን ሳነቃንቅ ክፍሉ አብሮኝ ይዞራል። ቀላል ነገር ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ እማማ ዘነበች ግን «ንገሪያቸው እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ነገርኩ። ሐኪሙ መርፌውን በዚያው ቀን አቁሞ በእንክብል ብቻ ቀጠለ። ያ መርፌ ነፍስ የሚያድነውን ያህል ጆሮንና ሚዛን መጠበቂያን ሊጎዳ ይችላል። ዛሬም በጨለማ ስሄድ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ዝም ብል ኖሮ ግን ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር። መድኃኒት እየወሰዳችሁ አዲስ ነገር ከተሰማችሁ ተናገሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ እግሬን በለብ ያለ ውሃ እያጠበች ነበር። ድንገት ጨርቁን ጣለች።

«አንቀሳቀስሽው!»

«ምኑን?»

«ጣትሽን! ድገሚው!»

ደገምኩት። የግራ እግሬ አውራ ጣት ቀስ ብሎ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሕፃን፣ ቀና አለ። ሲስተር አልማዝ ሮጣ መጣች፤ ሐኪሙ መጣ፤ መራመድ የሚችል ሕመምተኛ ሁሉ አልጋዬን ከበበ። «ድገሚው» ይሉኛል፤ እደግማለሁ፤ እልል ይላሉ። እማማ ዘነበች ማየት ስላልቻሉ፣ «ምን አደረገች? ኧረ ንገሩኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ እግሬን ሳመችው። ዋንጫ ስወስድ እንዲህ አልተደነቀልኝም፤ እኔም እንዲህ ተደንቄ አላውቅም።

ከጣት ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ጉልበት። ከደረት እስከ ዳሌዬ ጀሶ ተደረገልኝ፤ በክራንች ቆምኩ፤ አባቴ ወደ ኋላ እየተራመደ ከፊቴ ይሄዳል። ቤት ከገባሁ በኋላም ክኒኑ ከዓመት በላይ ቀጠለ። ሲሻለኝ መተው አምሮኝ ነበር። እናቴ አፌን ከፍታ ካላየች አታምነኝም ነበር፤ ልክ ነበረች። ብዙ ሰው ተሻለኝ ብሎ ሲያቆም ነው በሽታው በርትቶ የሚመለስበት።

ሐኪሙ ውሃ ላይ እንድወጣ የፈቀደልኝ አጥንቶቹ ተያይዘው መጠንከራቸውን በራጅ ካየ በኋላ ነው። «ሽቦው ግን አይሆንም» አለ። ላንጋኖ ስወርድ ይህን ለጋሽ ተክሌ ነገርኳቸው። መላውን ያመጣችው ሐዋ ናት፤

«መሪውን እሷ ትያዝ። ሽቦው ላይ እኔ እወጣለሁ።»

«አንቺ? አጭሯ?» አሉ።

«ትንሽ ነኝ እንጂ ቀላል አይደለሁም!»

ተለማመድን። ሐዋ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ጠጥታ ሞላች። እኔ ግን መሪውን ስይዝ፣ አልጋ ላይ በቃል የነገረችኝ ነፋስ ሁሉ በእጄ መዳፍ ውስጥ ገባ። ጥቁሩን ጥላ ከሩቅ አየዋለሁ፤ ጉንጬ ሲቀዘቅዝ እጄ በራሱ ይዞራል። አስተማሪዬ እዚያ ተንጠልጥላ፣ «አስካለ፣ ከእኔ በለጥሽ እኮ!» ትለኛለች።

በሚቀጥለው ሻምፒዮና እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላንጋኖ መጣች። አባቴ ይዟት አሸዋው ላይ ቆመዋል። ነፋሱ ያን ቀን ኃይለኛ ነበር፤ ሌሎቹ ጀልባዎች በሁለተኛው በርሜል ቶሎ ሲዞሩ እኔ ጠበቅሁ። ጥቁሩ ጥላ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሲደርስ «አሁን!» አልኩ፤ ሐዋ ተዘረጋች፤ ጀልባዋ ቀና ብላ በረረች፤ ሁሉንም አልፈን መጨረሻው መስመር ላይ ጡሩንባው ሲነፋልን ሰማሁ።

የደስታችንን መጠን ከዚህ እወቁት፦ ሁለታችንም መቆጣጠሩን ረስተን ተቃቀፍን። ነፋሱ አንዴ ሲገፋን ተገለበጥን። ሸራው በላዬ ተደፋ። ውስጡ ቡናማ ጨለማ ነው፤ ላይና ታቹ ጠፋኝ። ለአፍታ ያ የድሮው ፍርሃት መጣ። ከዚያ የመንሳፈፊያ ጃኬቴ ወደ ላይ ሲስበኝ ተሰማኝ፤ አብሮም ሌላ ነገር። እግሮቼ ሳላዛቸው፣ ሳልለምናቸው፣ ሁለቱም ውሃውን በኃይል እየረገጡ ነበር። ብርሃን ላይ ወጣሁ። ሐዋ እያነቃት ትስቃለች፤ እናቴ ከነልብሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ስሜን ትጠራለች።

«ደህና ነኝ እማዬ!» አልኳት። እግሮቼን ግን አላቆምኳቸውም። ጀልባ ሊያወጣን እስኪመጣ ድረስ፣ ሳያስፈልገኝ፣ ስረግጥ ቆየሁ።